ለባዶው ጠርሙስ ዋጋ ይውጣለት

ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ትረዝማለች። ዳታ የምትቆጥቡ ቆይታችሁ አንብቧት። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር ዛሬም ምዕራፉን ካልጨረስኩ አልወጣም ሊል ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሰፈራችን ጉሊት ወረድኩ። ባለቤቴ ቲማቲምና ቃሪያ ብላኛለች። ሁሌ የምገዛቸው እናት አሉ፤ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ጆንያ አንጥፈው የሚቀመጡ። መዝነው ሲጨርሱ «በምን ልስጥህ ልጄ?» አሉኝ። እጄ ባዶ ነው። እንደ ወትሮው ዘንቢል ይዤ መውጣት ረስቻለሁ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩና ከተቀመጡበት ጆንያ ሥር አንዲት ጥቁር ፌስታል እንደ ኮንትሮባንድ መዘዝ አደረጉ። «ቶሎ በልና ያዝ፣ ደንቦች ካዩ እኔንም አንተንም ነው።»

እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስለ ፕላስቲክ የምለፈልፍ ሰው ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ያውቀኛል። «ተዪው እናቴ» ብዬ ቲማቲሙን በጃኬቴ ታቀፍኩት። ቃሪያውን በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና ነው፤ ከ20 ስምንት ያገኘ ልጅ። (የእኔ ትምህርት ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።)

ሳቅን። ማታ ላይ ግን የሴትዮዋ አስተያየት አልወጣልህ አለኝ። ሰረቅ አርገው ነው የሰጡኝ። ከእኔ ከሃምሳ ብር በላይ ላያተርፉ፣ ፌስታል ሰጥተው ቢያዙ የሚጠብቃቸው ቅጣት መሬት ላይ ከዘረጉት ቲማቲምና ሽንኩርት ሁሉ ይበልጣል።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። ፔጄን ወደ ኋላ ብትጎትቱ ታገኙታላችሁ። ዛሬም ደግፌ ነው የምጽፈው። ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል የሚለውን ሳነብ ግን ያኔ እንዲሁ አለፍኩት። ቁጥር ነው፣ በቃ። ጉሊት ቆሜ ሳየው ነው ሰው የሆነብኝ።

ደግሞ ይሄ የመጀመሪያው ሕጋችን አይደለም። ብዙ ሰው አያውቅም፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ነበረን፤ ቁጥሩ 513። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ያኔውኑ ከልክሏል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕግ ነበር። በእነዚያ አስራ ስምንት ዓመታት ስንት ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ እንደገባ እናንተው ቁጠሩት። 0.03 ሚሊሜትር ማለት እኮ ከጸጉር ክር የሚቀጥን ነገር ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ማይክሮሜትር የሚባለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበረን፣ እሱም ተበላሽቷል። ባለ ሱቁ በምን ይለካው? ተቆጣጣሪውስ? የማይለካ ነገር ከልክለን ተቀመጥን።

ስለዚህ «ከልክል» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ አይተናል። አሁን ልናገር የፈለግሁት ስለ ሌላ መንገድ ነው። አዲስ አይደለም። ከእናቶቻችን ሱቅ የወጣ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ነገ ሰፈራችሁ ያለው ወንዝ ወይም ቦይ ዳር ሂዱና የቢራ ጠርሙስ ፈልጉልኝ። ያልተሰበረ። የለስላሳም ይሆናል፣ የመስታወቱ። ቀበና ወንዝ ዳር ሁለት ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ወርጄ ሞክሬዋለሁ። ሃይላንዱ እንደ ጉድ ነው፣ ፌስታሉ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቅጠል ተሰቅሏል፣ የብስኩት ልጣጭ፣ ዳይፐር፣ የጫማ ሶል፣ ሁሉም አለ። የቢራ ጠርሙስ የለም። አገሩ ቢራ አይጠጣም እንዳትሉኝ ብቻ።

ለምን የለም? መልሱን ሁላችሁም በልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲመጣ እናታችን ለስላሳ አምጣ ብላ ትልከናለች። ባለ ሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጠርሙስ ይዘሃል?» ነው። ካልያዝክ ታስይዛለህ። ባዶውን ስትመልስ ያስያዝከውን ትቀበላለህ። ጠርሙስ የሰበረ ልጅ ምን እንደሚደርስበት የማያስታውስ አለ? እኔ አንዴ ሁለት ሚሪንዳ ሰብሬ እስከ ማታ ጎረቤት ተደብቄያለሁ። ያንን ጠርሙስ መንገድ ላይ የሚጥል ሰው እብድ ነው የሚባለው። ቢጥለውም እንኳ አምስት ደቂቃ አይቆይም፣ አንድ ልጅ አንስቶት ሱቅ ይሮጣል።

ይሄን ሥርዓት ማንም ፖሊስ ቆሞ አያስከብረውም። ደንብ አስከባሪ የለውም፣ ቢልቦርድ የለውም፣ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚል ቲሸርት የለውም። ባዶው ዋጋ አለው፣ አለቀ። ፋብሪካው ባዶውን ይፈልገዋል፣ አከፋፋዩ ሙሉውን ሲያወርድ ባዶውን ይጭናል፣ ባለ ሱቁ ሳጥኑ እንዳይጎድልበት ይቆጥራል፣ አንተ ያስያዝካትን ታስባለህ።

ከዚያ ሃይላንድ መጣ። ስሙ ራሱ ይገርማል፤ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፣ አሁን የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሃይላንድ ስንገዛ «ጠርሙስ ይዘሃል?» የሚል የለም። ውሃውንና ጠርሙሱን አንድ ላይ ገዛን፣ ውሃውን ጠጣን፣ ጠርሙሱ የማንም ሆነ። ፋብሪካው ሸጦ ጨርሷል፣ ሱቁም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የወንዙና የማዘጋጃ ቤቱ ነው።

የማንም ያልሆነውን ማን ሲያነሳው እንደኖረ ለመናገር ወደ አንድ ልጅ ልመለስ።

ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን አየር ጤና አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ዘወትር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያረፍድ። ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ልጆቹ «ቆሼ» ይሉታል፣ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። አዲስ አበቤ ያልሆናችሁ፣ ቆሼ ማለት ያ የከተማውን ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተሸከመው የረጲው ተራራ ነው። በዚያ በኩል ስናልፍ የታክሲው መስኮት በሙሉ ይዘጋ ነበር። ልጁ ጎህ ሲቀድ እዚያ ወጥቶ ሃይላንድና ብረታ ብረት ለቅሞ፣ ሸጦ ነበር የሚመጣው። እኔ ይሄን አላውቅም። ለማወቅም አልሞከርኩም። አንድ ቀን ክፍሉ ሙሉ በሆነበት «ሁለተኛ አርፍደህ፣ ደግሞ ሳትታጠብ እንዳትመጣ» ብዬ አስወጣሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ድብልቅን ስለመለየት እያስተማርኩ ነው። ማጣራት፣ ማትነን፣ ማግኔት፤ የተለመደው። ከደብተራችን ወጣ ለማለት ብዬ «የተፈጨ የሃይላንድ ጠርሙስና የተፈጨ ክዳኑ ቢቀላቀልባችሁ በምን ትለያላችሁ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ያ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። «ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል።»

ልክ ነው። ጠርሙሱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፔት የምንለው፣ እፍጋቱ 1.38 ገደማ ነው፣ ከውሃ ይከብዳል። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፣ እፍጋቱ ከ1 በታች ስለሆነ ይንሳፈፋል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አነበብኩት። እሱ በእጁ ያውቀዋል። ገዢዎቹ ክዳን የተቀላቀለበትን ስለማይወስዱ፣ ወይም ስለሚያራክሱበት ነው ያወቀው። ያን ቀን ስሙን ጠርቼ አስጨበጨብኩለት። ከክፍል ስላስወጣሁት ግን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ያኔ አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ ይጠይቃል ብዬም አላስብም ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ያ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ተራራው ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ እዚያው የሚለቅሙ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሰኞ ክፍል ስገባ ዓይኔ በቀጥታ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሄደው። ባዶ ነው። በሳምንቱ ተረፈ የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነበር። አብሮት የሚለቅመው የጎረቤቱ ልጅ ግን አልተረፈም። ተማሪዬ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ብዙዎቻችን ስለ ቆሼ ስናወራ እንደ ተፈጥሮ አደጋ ነው የምናወራው። ተራራው ግን ከሰማይ አልወረደም። እያንዳንዱ ኪሎ ከሆነ ቤት የወጣ ነው። እርጥቡ ከደረቁ፣ የሽንኩርት ልጣጩ ከባትሪው፣ አመዱ ከሃይላንዱ ጋር ተደባልቆ፣ በአንድ ማዳበሪያ ታጭቆ። በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ እዚያው አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ለተማሪዎቼ አውርቼላቸዋለሁ። ግን እርጥብ እንጨት ለማንደድ የሞከረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የእኛ ቤት ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብ ነው። ቤት ውስጥ ያልተለየውን ፋብሪካ በር ላይ ልለየው ማለት አበሳ ነው።

ያንን ልጅ ከዓመታት በኋላ አገኘሁት። የት? ምናለሽ ተራ። የብረት ምድጃ ልገዛ መርካቶ ሄጄ። ምናለሽ ተራን የማታውቁ፣ ከቻላችሁ አንድ ቀን ሂዱ። ስለ ሪሳይክሊንግ ሥልጠና በሆቴል ከምትሰሙ አንድ ሰዓት እዚያ ቁሙ። ጎማው በረባሶ ይሆናል፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የዘይት ጀሪካኑ መቅጃ። ከተማው ውስጥ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች የሚሰበስቡት ነገር ብዙው የሚያርፈው እዚያ ነው። ቆራሌው ማለት «ቆርቆሮ ያለው» ማለት ነው ይባላል፣ እየተጠራ እየተጠራ አጥሮ። በነጋሪት ጋዜጣ ሳይታወጅ፣ በጀት ሳይመደብለት፣ አዲስ አበባ ዕድሜዋን ሙሉ ሪሳይክል ስታደርግ የኖረችው በእነዚህ ልጆች ጉሮሮ ነው። እኛ ደግሞ በር ስንከፍትላቸው ጫማ እንዳይሰርቁን ነው የምናየው።

ልጁ (አሁን ሰውዬ ነው፣ ጢም አለው) ፕላስቲክ ከለቃሚዎች ተረክቦ ለትልልቆቹ ገዢዎች ያቀርባል። «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ሥራው ስጠይቀው የነገረኝን እስካሁን ክፍል ውስጥ እጠቅሰዋለሁ። «ቲቸር፣ መሬት ላይ ቀርቶ የምታየው ሁሉ ዋጋ ያልወጣለት ነው።» ፌስታልን ማንም አይለቅመውም፣ ክብደት የለውም፣ ጭቃ ይይዛል፣ ቀኑን ሙሉ ብትለቅም ኪሎ አይሞላም። ሃይላንድ ይለቀማል፣ ግን እንደ ገበያው ነው። ባዶው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢበዛ 20 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ሃምሳ ጠርሙስ ጎንበስ ብለህ ማንሳት አለብህ። የኪሎው ዋጋ ሲወርድ ልጆቹ ሃይላንዱን እያዩት ያልፉታል፤ ወገባቸውን ለምን ይቁረጡ? ያኔ ነው ወንዙ የሚሞላው።

እዚህ ጋ የራሴን ሙከራ ልንገራችሁ፣ ለሳይንስም ለኪሴም ትምህርት ነበር። አምና የአካባቢ ጥበቃ ክበባችንን ይዤ «የማይጥል ትውልድ» ምናምን የሚል ፖስተር ለጠፍን፣ በሰልፍ ላይ ንግግር አደረግሁ። ግቢው አንዲት ጠርሙስ አልቀነሰም። ጭራሽ ፖስተሩ ሥር ጣሉበት። ተናደድኩና «ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ባዶ ሃይላንድ አንድ ብር ከራሴ እከፍላለሁ» አልኩ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው እንደ ሰርግ ቤት ጸድቷል። ማክሰኞ ከግቢ ውጭ ካለው ቦይ ማምጣት ጀመሩ። ረቡዕ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ጆንያ በጋሪ አስጭኖ መጣ፣ ታናሽ ወንድሙን ቀጥሮ። ሐሙስ ከሰርኩ። የመምህር ደመወዝ መሆኑን አትርሱ፣ ያውም የዲፕሎማ። የሰበሰብነውን ለቆራሌው ስሸጠው ያወጣሁትን ሩቡን እንኳ አልመለሰልኝም። አቆምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠርሙሱ ወደ መሬቱ ተመለሰ።

ባለቤቴ እስካሁን ስታስታውሰው ትስቃለች። እኔ ግን እነዚያን ተማሪዎች ዳግመኛ «ግንዛቤ የላችሁም» ብዬ አልሰድብም። ሰኞ ዕለት ግንዛቤያቸው አልተለወጠም፤ ጠርሙሱ ነው የተለወጠው።

እና የምለው ይሄ ነው። በሃይላንዱ ላይ መያዣ ይኑር። በሕግ። ውሃና ለስላሳ በፕላስቲክ ስትገዛ ሁለት ብር ትጨምር፣ ባዶውን ለየትኛውም ሱቅ ስትመልስ ሁለት ብሯን ትቀበል። ባዶውን የመሰብሰቡና የማንሳቱ ወጪ ደግሞ ጠርሙሱን አምርቶ ባተረፈው ፋብሪካ ላይ ይሁን። ሙሉውን ያወረደው መኪና ባዶውን ጭኖ ይመለስ፣ ልክ እንደ ቢራው።

ጀርመን ያላችሁ ወዳጆቼ ይሄ እንዴት እንደሚሠራ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እዚያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ጊዜ መጠጫ ጠርሙስና ቆርቆሮ ላይ መያዣ አለ፣ ዛሬ 25 ሳንቲም ዩሮ ነው፤ ሱፐርማርኬት በር ላይ ያለው ማሽን ባዶውን ውጦ ደረሰኝ ይሰጥሃል። የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ነው ያለው፣ መጀመሪያ እንደሄደ «እዚህ አገር ሰው ቆሻሻ ይዞ ሱቅ ይሰለፋል» ብሎ ነበር የነገረኝ። ለመመለስ የሰነፈ ሰው ጠርሙሱን ገንዳው ውስጥ አይከተውም፣ ጎኑ ያስቀምጠዋል፤ የሚለቅመው ሰው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት። ማሽኑ የለንም ይሆናል። ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ግን የሰፈሬ ባለ ሱቅ ማሽን ከመፈጠሩ በፊት ነው የሚሠራው።

ይሄን ሐሳብ ለዚያው ለሰፈሬ ባለ ሱቅ ነግሬው ነበር። ያስደስተዋል ብዬ ነው። ፊቱ ጠቆረ። «የቢራ ሳጥን እኮ ይደረደራል ቲቸር። ይሄ አየር ነው። የት ላስቀምጠው? አልጋዬ ላይ?» እውነቱን ነው። ሱቁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አይሆንም፣ ማታ እዚያው ነው የሚተኛው። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ትንንሽ ሱቅ የግድ አይቀበል፤ በየወረዳው መረከቢያ ይኑር። ያንንም ሥራ አሁን በጋሪ ከየቤቱ ቆሻሻ የሚያነሱት ማኅበራትና ቆራሌዎቹ ይያዙት። ሰው አላቸው፣ ሰፈሩን ያውቁታል። ለመቀበል የሚወድ ሱቅ ደግሞ በየጠርሙሱ ትንሽ ይከፈለው። ጠርሙሱን ረግጦ ማሳነስም ይቻላል። ችግሩ የሚፈታ ችግር ነው።

«በኑሮው ላይ ሌላ ጭማሪ» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለት ብሯ ግን ትመለሳለች። ካልመለስካት ደግሞ የመለሳት ሰው ይወስዳታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንተ የሚቸገር ሰው። አሁን ካለው ጋር አስተያዩት፤ አሁን የቆሻሻ ማንሻውን ከውሃ ቢል ጋር ሁላችንም እንከፍላለን፣ በቀን አራት ሃይላንድ የሚጥለውም፣ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣውም። ጉሊት ያሉት እናት ሃይላንድ ገዝተው ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም። ቅጣቱ ግን እሳቸው ጋ ቀድሞ ደረሰ።

ስለ ፌስታሉም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ከልክላ አሳክታዋለች፣ ኪጋሊ አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣህ ውስጥ ፌስታል ከተገኘ ያስጥሉሃል። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. እስከ አራት ዓመት እስር የሚደርስ ሕግ አወጣች፤ ከተማው ጸዳ፣ ከጎረቤት አገር በድብቅ መግባቱ ግን አልቀረም። መከልከል ይሠራል። ግን ምትኩ ከተከለከለው የረከሰ ወይም ቢያንስ እኩል ካልሆነ፣ ሕጉ የሚያርፈው ዘንቢል ለመግዛት አቅም የሌለው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሱቅ ውስጥ በሃያና በሠላሳ ብር «የጨርቅ ከረጢት» ተብሎ የሚሸጥላችሁን አይታችኋል? ያ ቀለም ቀለም ያለው፣ ሲነካ ጨርቅ የሚመስል? አንዱን ላቦራቶሪ ወስጄ ጫፉን በክብሪት ነካሁት። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር። ይሄ ቀልጦ ተንጠባጠበ፣ ሲደርቅ ጠንካራ እንክብል ሆነ። ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ያው ፕላስቲክ፣ የጠርሙሱ ክዳን ዘመድ። ደጋግመን ከተጠቀምንበት ከፌስታሉ ይሻላል፣ አልክድም። አንዴ ይዘነው የምንጥለው ከሆነ ግን ወፍራም ፌስታል በውድ ዋጋ ገዛን ማለት ነው። ቤታችሁ የአያታችሁ ዘንቢል ካለ አውርዱት። የእኔ እናት ዘንቢል ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፣ እጀታው ብቻ ነው የተቀየረው።

አዋጅ ብቻውን አይራመድም፣ ደንብና መመሪያ ይከተለዋል። መናገር ያለብንም መመሪያው ከመውጣቱ በፊት ነው፣ ከወጣ በኋላ ማልቀስ ልማዳችን ሆነ እንጂ። ከተማሪዎቼ መካከል ጠበቃ የሆናችሁ አላችሁ፤ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተቀጠራችሁም ቢያንስ ሦስት አውቃለሁ፤ አንዷ ደግሞ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ኳሊቲ ላይ ናት። (ሠርግሽ ላይ ስላልመጣሁ አኩርፈሽ እንዳታልፊኝ።) የያዣ ሥርዓት በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ለማስጀመር በእናንተ በኩል ምን እንደሚያግድ ንገሩኝ። የፋብሪካዎቹ መልስ ምንድነው? ወጪው ነው፣ ማሽኑ ነው ወይስ የጠየቃቸው የለም? በኮሜንትም በኢንቦክስም ይሁን። ሰብስቤ፣ ከክበቡ ልጆች ጋር ደብዳቤ አርጌ፣ በአማርኛ ሁለት ገጽ፣ ለሚመለከተው አስገባለሁ። ማህተም የለንም፣ ፊርማ ግን እናሰባስባለን።

ሌላው፣ አየር ጤና ያስተማርኳችሁ የዚያን ጊዜ ልጆች ይሄን ካነበባችሁ፣ ያንን ልጅ በስሙ ጥሩት። ፌስቡክ ላይ አለ፣ የአንዳንዶቻችሁም ጓደኛ ነው። ደብዳቤውን ስንጽፍ አጠገባችን እንዲቀመጥ ጠይቄው «ቲቸር፣ ቅዳሜ ካልሆነ አልችልም፣ አምስት ቀን ጭነት አለኝ» ብሎኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ነው። እኔ ነኝ ወደ እሱ የምሄደው፣ ምናለሽ ተራ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። መምጣት የምትፈልጉ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አውቶቡስ ተራ በር ላይ ታገኙኛላችሁ፣ ዘንቢል የያዘው ሰውዬ እኔ ነኝ።